ሁለት መቶ አሥራ አንድ ድል

ዓብደላ ይመር በሃምሳ ሰባት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አስተያየቱን ለዓለም ሕዝብ ጻፈ። በአራተኛው ቀን ምነው እጄን በቆረጠው አለ።

ዓብደላ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። አሜሪካ፣ ኮለምበስ ከተማ አጠገብ ባለችው ሬይኖልድስበርግ ይኖራል፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ዌርሃውስ፣ ማለትም የዕቃ መጋዘን ውስጥ የጠዋቱ ሺፍት አለቃ ነው። ኮለምበስ ከገባ ሃያ አራት ዓመት አለፈው። በእነዚህ ዓመታት ስንቱን ከኤርፖርት እንደተቀበለ፣ ስንቱን መኪና መንዳት እንዳስተማረ፣ ስንቱን «የኔ ሰው ነው» ብሎ ሥራ እንዳስገባ ራሱም ረስቶታል። የተረዱት ግን አልረሱም፤ የዚህ ታሪክ ጣጣ ሁሉ የመጣውም ከዚሁ ነው። ሊንደን ሰፈር ውስጥ ባልና ሚስት ቢጣሉ የሚጠራው እሱ ነው። ሁለት ጓደኛሞች ቢቀያየሙም እሱው ነው። ሲናገር የሚቃወመው ሰው ስለሌለ፣ ቀስ በቀስ የተናገረው ሁሉ ልክ መሰለው። እንዲህ ያለ ሰው ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ትንሽ ግን ያናድዳል።

ጫት አይቅምም፣ ኳስ አያይም። ሱሱ አንድ ብቻ ነው፤ በኮምፒውተር የሚጫወቱት የጥንት ነገሥታት ጨዋታ። ስሙ ረጅም እንግሊዝኛ ነው፣ እሱና ጓደኞቹ ሲያሳጥሩት «ዙፋን» ይሉታል። አንዱ ሮምን፣ አንዱ ግብፅን፣ አንዱ ፋርስን ይይዛል። በየተራ ከተማ ይገነባሉ፣ ጦር ያዘምታሉ። ዋና ከተማውን የተነጠቀ ሰው ከጨዋታው ይወጣል፤ መጨረሻ ላይ የቀረው አሸናፊ ነው። እያንዳንዱ የሚያየው የራሱን አገርና ድንበሩን ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ጉም ነው። አክሱምን መያዝ ለማንም አይፈቀድም፤ የመጀመሪያው ቀን ሦስት ሰው «አክሱም የኔ ነው» ብሎ ጨዋታው ሳይጀመር ሊበተን ደርሶ ነበር።

የድሮው ዙፋን ከባድ ነበር። ለጦሩ ስንቅ በጋሪ መላክ፣ ለየከተማው ገዥ መሾም፣ አምስት ዓይነት ግብር መጣል ነበረበት፤ አንዱ ጨዋታ ሦስት እሑድ ይፈጃል። ከሁለት ዓመት በፊት የወጣው አዲሱ እትም ይህን ሁሉ አራግፎ ጣለው። ስንቁ ቀረ፣ ገዥው ቀረ፣ ግብሩ አንድ ሆነ። አሁን በአንድ ተራ የሚሰጠው ሦስት ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ጨዋታው አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። በዚህ የተነሣ ተጫዋቹ ለሁለት ተከፍሎ በየድረ ገጹ ይሞላለጫል። አንዱ «ሥጋውን ግጠው አጥንቱን ሸጡልን» ይላል። ሌላው «ልጆቼ ከእንቅልፋቸው ሳይነሡ የምጨርሰው ጨዋታ አገኘሁ፣ ተመስገን» ይላል።

የእነዓብደላ ቡድን የሚገናኘው እሑድ ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ባለው የመርዋን ጎሚስታ ቤት ነው። እሑድ ዝግ ስለሆነ ደንበኛ በሚጠብቅበት ክፍል ሁለት ጠረጴዛ ገጥመው ላፕቶፓቸውን ይዘረጋሉ። ባለቤቱ መርዋን ሮምን ይይዛል። የከባድ መኪና ሾፌሩ ባስልዮስ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጥቶ ግብፅን ይይዛል። ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራው ጀማነህ ካርቴጅን። ሦስቱም በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ናቸው፣ ሦስቱንም ከኤርፖርት የተቀበላቸው ዓብደላ ነው። እሱ ሁልጊዜ ፋርስ ነው፤ ሁልጊዜም ያሸንፋል።

እንግዲህ ይህን ተማምኖ ነው ተጫዋቾች አስተያየት በሚሰጡበት ገጽ ላይ እንዲህ ብሎ የጻፈው፦ «ሁለት ዓመት ተጫወትኩ። ከሁለት መቶ አሥራ አራት ጨዋታ ሁለት መቶ አሥራ አንዱን አሸንፌአለሁ። ይህ እትም ከልክ በላይ ቀልሏል። ሦስት ትእዛዝ እንኳ ይበዛል፤ ብዙ ጊዜ አንዱን ብቻ ሰጥቼ ሻይ እጠጣለሁ። እባካችሁ አክብዱት።»

ሦስቱን በማን እንደተሸነፈ አልጻፈም። ያሸነፈችው ልጁ ሰልሳቢል ናት።

ሰልሳቢል እዚሁ የተወለደች የሃያ ዓመት ተማሪ ናት። ባለፈው ዓመት በጋ ላይ ሦስት እሑድ መጥታ ባቢሎንን ይዛ ተጫወተች፤ ሦስቱንም ቀን የአባቷን ዋና ከተማ ያዘች። በሦስተኛው ቀን ዓብደላ ስለ ትዕግሥት ለወጣቶቹ እየመከረ ሳለ ነው ከተማው የወደቀው።

«ባባ፣ ወንዙን ጠብቅ ብዬህ ነበር» አለችው።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ዓብደላ ላፕቶፑን ጠረቀመው። «አባትሽን በሰው ፊት? እነዚህ እንዴት እንደሚያከብሩኝ አታዪም?»

«ኢትስ ኤ ጌም፣ ባባ።»

«ጨዋታም ቢሆን ሥርዓት አለው! ከእንግዲህ እዚህ ጠረጴዛ ላይ እንዳትቀመጪ።»

ኮምፒውተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች። በዚያው ወር ኢስትሙር በሚባል ሰፈር ከጓደኛዋ ጋር ቤት ተከራየች። ከዚያ ወዲህ ለዒድና እናቷ ስትጠራት ትመጣለች፤ ከአባቷ ጋር ያላት ወሬ «ሃይ ባባ» እና «ባይ ባባ» ነው። ዓብደላ ጥፋቱን በአሜሪካ ላይ ጥሎ ተቀምጧል። ልጁ ግን ትናፍቀዋለች፤ ይህንንም ለማንም አልተናገረም።

ወደ አስተያየቱ እንመለስ። ጽሑፉ በወጣ በሁለተኛው ቀን መልስ መጣ። «ማንም ሰው እንዲህ አያሸንፍም፣ ውሸት ነው» አለ አንዱ። ሌላው ሳቀበት። ዓብደላ ደሙ ፈላ። ሃያ አራት ዓመት ኮለምበስ ሲኖር ውሸታም ያለው ሰው የለም። ጨዋታው ደግሞ እያንዳንዱን ግጥሚያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይቀርጻል፤ ቅጂው ሲታይ ጉሙ ተገፍፎ የሁሉም አገር ከላይ ይታያል። ዓብደላ አንዱንም አይቶት አያውቅም። ያሸነፈ ሰው ምን ሊያይ? ያለፈውን እሑድ ቅጂ ገጹ ላይ ለጠፈና «ይኸው!» ብሎ ጻፈበት።

በአራተኛው ቀን፣ በጠዋቱ እረፍት፣ የዌርሃውሱ ምሳ ክፍል ውስጥ ሻዩን ይዞ ስልኩን ከፈተ። ከሦስት መቶ በላይ መልስ ተደርድሯል። ይቅርታ ሊጠይቁኝ ነው ብሎ ተመቻችቶ ተቀመጠ።

ከላይ ያለው ራሱን «የኔብራስካ አያት» ብሎ የሚጠራ ሰው ነው። «ጌታዬ፣ ውሸታም እንዳልሆኑ አይቻለሁ፣ ይቅርታ» ይላል። ዓብደላ ፈገግ አለ። «ግን አርባ አንደኛውን ተራ ተመልክተውታል? ሮም ዘጠኝ ጦር ይዞ ዋና ከተማዎ በር ላይ ቆሟል። ከተማው ውስጥ ያሉት ሁለት ዘበኞች ናቸው። ሮም ዞሮ ሄደና ዓሣ ማጥመጃ ሠራ።»

ዓብደላ ክው አለ። ደግሞ አነበበው። እንግሊዝኛው ያሳሳተው መስሎት ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ለሦስተኛ ጊዜ አነበበው። ዓሣ ማጥመጃው ዓሣ ማጥመጃ ነው።

ከሥር ያለውማ የባሰ ነበር። «ግብፅ የገዛ መርከቦቹን ሲያፈርስ አያችሁ?» «ካርቴጅ ወርቁን ሁሉ ለሰውዬው በስጦታ ላከ እኮ!» «እኚህ ሰው አለቃቸው ናቸው?» «እኔ እንዲህ የሚሸነፉልኝ ወዳጆች ቢኖሩኝ ጨዋታው ቀለለ ብዬ አማርር ነበር?» አንዱ ደግሞ አጭር ነገር ጽፏል፦ «የተሸነፉባቸውን ሦስቱን ያሳዩን። እውነተኛ ጨዋታ ካለ እዚያ ነው።»

ሻዩን ሳይጠጣ ትቶት ወጣ። መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘግቶ ቅጂውን ከመጀመሪያው አየው። ሰማያዊው የሮም ጦር መጣ፣ በሩ ላይ ቆመ፣ ዞረ፤ ያኔ እሱ ሻይ ሊቀዳ ተነሥቶ ነበር። የግብፅ መርከቦች አንድ በአንድ ጠፉ። ያ ወርቅ ሲመጣ «ጀማነህ ፈርቶ ገበረልኝ» ብሎ ለሚስቱ ማውራቱ ትዝ አለው፤ ብቻውን መኪና ውስጥ ተቀምጦ ፊቱ በእፍረት ነደደ። የእሱ ጦር መሐል ሜዳ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ የሚዋጋው ሰው አጥቶ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር? ወደ ሥራው ሃያ ደቂቃ አርፍዶ ተመለሰ፤ እንዲህ ሲያረፍድ የመጀመሪያው ነው። ስሙን መጥራት የተሳነው ፈረንጅ ባልደረባው «ዩ ኦኬይ፣ አብዱል?» አለው። ዓብደላ ራሱን ነቀነቀና ወደ ሥራው ዞረ።

ሺፍቱ ሲያልቅ በቀጥታ ወደ ጎሚስታው ነዳ። መርዋን ጎማ አቅፎ ቆሟል።

«አርባ አንደኛው ተራ» አለው፣ ሰላምታ ሳያስቀድም።

መርዋን ጎማውን ለቀቀው። ጎማው ተንከባልሎ ግድግዳውን መታ።

«ዘጠኝ ጦር! በሩ ክፍት! አንተ ዓሣ?»

«ዓሣው ያስፈልገኝ ነበር እኮ ጋሼ…»

«መርዋን!»

መርዋን እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ። «እሺ። እኔ ኮለምበስ የገባሁት በጥር ነው፣ በሸራ ጫማ። እርስዎ ኤርፖርት ላይ እግሬን አዩና የራስዎን ቡት አውልቀው አጠለቁልኝ። እርስዎ በካልሲ ነድተው ቤትዎ ወሰዱኝ። ታዲያ የዚያን ሰውዬ ከተማ ላቃጥል? እጄ እንዴት እሺ ይለኛል?»

ዓብደላ ቡቱን ጨርሶ አያስታውሰውም። «ባስልዮስስ? ጀማነህስ?»

«ሁላችንም ነን። የተነጋገርንበት ቀን እንኳ የለም፣ እንዲሁ ሆነ።» መርዋን ጎንበስ ብሎ ጎማውን አነሣ። «እኛ የምንጫወተው ለሁለተኛነት ነው።»

«ለምን?»

«ለሁለተኛነት። እርስዎ አንደኛ መሆንዎ የታወቀ ነው። ሁለተኛ ለመውጣት ግን እንተላለቃለን ጋሼ። አምና እኔና ባስልዮስ ሦስት ሳምንት የተኳረፍነው…»

«ያስታረቅኋችሁ እኔ ነኝ!»

«አዎ። ‹ለሁለተኛነት ሰው ይጣላል እንዴ?› ብለው ሳቁብን።»

ዓብደላ ለደንበኛ በተቀመጠው ወንበር ላይ ዘጭ አለ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስንት ጊዜ የጦር ስልት እንዳስተማራቸው ሲያስብ ምድር ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። «ጨዋታ ነው እኮ፣ መርዋን» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ሰልሎ።

መርዋን ዓይኑን ጎማው ላይ ተክሎ፣ «ሰልሳቢል ይህንኑ ብትል አይደል ያስወጧት?» አለ።

ዓብደላ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ሰዓዲያ ልብስ እያጠፈች ነበር። «ልጆቹ እየተሸነፉልኝ እንደነበር ታውቂያለሽ?» አላት።

«ማን የማያውቅ አለ?» አለች፣ ቀና ሳትል።

«እና ዝም?»

«ልጅህ ነገረችህ፤ አነጋገሯን ነው ያልወደድከው።» ያጠፈችውን ፎጣ አስቀመጠች። «ያን ቀን እያለቀሰች ነው የመጣችው። ‹ሁሉም እንደ ሕፃን ያባብሉታል፣ እኔ አባቴን እንደዚያ አልንቀውም› ነው ያለችኝ።»

ዓብደላ ክብር ያለው ንቀት፣ ንቀት ያለው ክብር ሆኖ ተገለበጠበት። ወደ ጓዳ ገባና ሦስቱን የተሸነፈባቸውን ግጥሚያዎች ከፈተ።

ያየውን ማመን አቃተው። ልጁ በቀላሉ ያሸነፈችው መስሎት ነበር። ጉሙ ሲገፈፍ የታየው ሌላ ነው። አረንጓዴው የባቢሎን ጦር ወደ ፋርስ መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ ሮም ከምዕራብ፣ ግብፅ ከደቡብ፣ ካርቴጅ ከባሕር ተነሥተው በእሷ ላይ ዘመቱ። ሦስቱም ጋሼን ለማዳን ያላቸውን ሁሉ በአንዲት ልጅ ላይ አፈሰሱ። እሱ ይህ ሁሉ ሲሆን ሻይ ይጠጣ ነበር። ሰልሳቢል ከተሞቿን አንድ በአንድ እያጣች፣ በየተራ ሦስቷን ትእዛዝ እያብቃቃች፣ ሸለቆ ለሸለቆ ተሹለክልካ ወንዙን ተሻግራ መጣች። በሦስተኛው ግጥሚያ ከተማው ስትደርስ የቀራት አንድ ጦር ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ተራ ላይ መልእክት ልካለታለች፤ ቅጂው ላይ ተጽፎ ይታያል፦ «ባባ፣ ወንዙን ጠብቅ።» ልትመታው ስትመጣ እንኳ አስጠንቅቃው ነው። ዓብደላ ያንን ተራ መልሶ መላልሶ አየው። እንባው መምጣቱን ያወቀው ስክሪኑ ሲደበዝዝበት ነው።

በማግሥቱ ደወለላት። ስልኩን ከማንሣቷ በፊት ሁለት ጊዜ ዘጋው።

«እማ ደህና ናት?» አለች ደንግጣ፤ አባቷ ደውሎላት አያውቅም።

«ደህና ናት። እሑድ ነይ።»

«ቤት?»

«ጎሚስታው ጋ። ኮምፒውተርሽን ይዘሽ።»

ዓብደላ ይቅርታ የሚባለውን ቃል ለስንቱ ባልና ሚስት እንዴት እንደሚባል አስተምሯል፤ አሁን ግን ተራው የራሱ ሆነ። «አጥፍቻለሁ ልጄ» አለ በመጨረሻ። «ቅጂውን አየሁት። ሦስቱንም።»

ትንፋሿ ተሰማው። «ባባ፣ ብመጣም አልምርህም። አይ ዎንት ጎ ኢዚ።»

«ለዚህ ነው የደወልኩት።»

እሑድ ሁሉም ተገኙ። ሰልሳቢል ከእሱ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ዓብደላ ላፕቶፑን ከመክፈቱ በፊት ወንዶቹን አንድ በአንድ ተመለከታቸው። «ዛሬ የሚምረኝ ሰው ከነገ ጀምሮ ጋሼ እንዳይለኝ» አለ። ባስልዮስ ወደ ጣሪያው አየ። መርዋን ላብ አጠመቀው።

በአሥራ አንደኛው ተራ መርዋን ዓይኑን ጨፍኖ ከፋርስ ትንሽ መንደር ያዘ፣ ወዲያው ከወንበሩ ተነሥቶ «አፉ ይበሉኝ ጋሼ!» አለ። ዓብደላ ደነገጠ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከእሱ የሚነጠቅ ነገር እንዳለ ሲያውቅ ይህ የመጀመሪያው ነው። መንደሩን ለማስመለስ ጦር ላከ፤ ጦሩን ሲልክ ምሥራቁ ተራቆተ፤ ምሥራቁን ሲሸፍን ወንዙ ባዶ ቀረ። «ሦስት ትእዛዝ አይበቃም!» ብሎ ጮኸ። «ይህን ጨዋታ ማን ነው ያቀለለው?» ሰልሳቢል ሳቀች። ያቺን ሳቅ ከሰማት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ የሻይ ኩባያው አጠገቡ ቀዝቅዞ ሲቀር እንኳ አላስተዋለም።

«ወንዙን፣ ባባ» አለችው በሠላሳኛው ተራ።

«አውቄአለሁ! አውቄአለሁ!» ቢያውቅም አልደረሰበትም። ያለውን ጦር ሁሉ ወንዙ ዳር አሰልፎ፣ ሦስት ተራ ሙሉ ጥርሱን ነክሶ ያዛት። በሠላሳ አራተኛው ተራ አረንጓዴው ጦር በሩን ሰብሮ ገባ።

ክፍሉ እንደዚያ ቀን ጸጥ አለ። ሰልሳቢል እጇን ከኮምፒውተሩ አንሥታ ፊቱን ታያለች። ዓብደላ ላፕቶፑን አልዘጋም። ግንባሩን በመሐረብ ጠራረገና «እንደገና» አለ።

ከሁለተኛው ጨዋታ በፊት ግን ስልኩን አውጥቶ አስተያየት የጻፈበትን ገጽ ከፈተ። ሰዎቹ አሁንም ይሳሳቁበታል። የድሮውን ጽሑፍ አጥፍቶ በጠንካራ ጣቱ አንድ በአንድ እየነካ አዲስ ጻፈ፤ ሰልሳቢል በትከሻው ላይ ጎንበስ ብላ አነበበችው፦

«ጨዋታው ቀለለ ያልኩት ስሕተት ነው፤ የቀለለው ሌላ ነገር ነበር። ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ ተጫወትኩ ያልኩትም ስሕተት ነው። እስከ ዛሬ የተጫወትኩት አራት ጊዜ ነው። አራቱንም ከልጄ ጋር ነው። አራቱንም ተሸንፌአለሁ።»